ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ

ደብዳቤው የደረሰኝ ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ልምድ ላላቸው የሰርቨር አስተዳዳሪዎች የተዘጋጀ የተጠናከረ የሰርተፍኬት ሥልጠና» ይላል። አምስት ቀን ትምህርት፣ በስድስተኛው ቀን ፈተና፤ ቦታው እዚሁ ወላይታ ሶዶ። የኮሌጃችን ዲን ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ አንተማ ለማስተማር ነበር መጠራት የነበረብህ አሉኝ። ለትሕትና ያህል ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ በሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ ተስማምቼ ነበር።

በዚያ ኮሌጅ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኜ ነው። አንድ ቀን የመጀመሪያው ሰርቨር በካርቶን ታሽጎ መጣ፤ የሚሠራበት ሰው ግን አብሮት አልመጣም። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ስለነበርኩ ኃላፊነቱም የእኔ ሆኖ ቀረ። ሰርቨር ማለት የተማሪውን ውጤት፣ ምዝገባውን፣ የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ ይዞ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያድል ማሽን ነው። እሱ ዝም ካለ ኮሌጁም ዝም ይላል። እና እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ኮሌጁ ዝም ባለባቸው ቀናት፣ ከኋላዬ አምስት ሰው ቆሞ «አልሆነም?» እያለኝ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ በራሱ ይኮራል።

እሑድ ማታ ባለቤቴ ደብተርና እስክሪብቶ ማዘጋጀቴን ጠየቀችኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ሰው ሊማር ሲሄድ ደብተር መያዝ እንዳለበት ታምናለች። አያስፈልገኝም አልኳት። ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት ግን ከልጆቹ ደብተሮች አንዱን ከነሽፋኑ ከትታልኝ አገኘሁት።

ሰኞ የዳሞታ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ካፊያም አለ። ሥልጠናው የሚሰጠው ለክረምት በተዘጋ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ነበርን። በዞኑ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስላልሆነ አብዛኞቻችን እንተዋወቃለን። እኔ ግን በዐይን አይቼው የማላውቀውን አንድ ወዳጄን ነበር የምጠብቀው። አረካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እንደ እኔ ያለ ሥራ ይሠራል። ስምንት ዓመት ሙሉ የተዋወቅነው በስልክ ብቻ ነው። የእሱ ማሽን ሲያስቸግር ለእኔ ይደውላል፣ የእኔ ሲያስቸግር እኔ ለእሱ። ድምፁ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ሁልጊዜ የሚታየኝ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጫጫ ልጅ ነበር። አንዳንዴም እንደ ታናሽ ወንድም እገሥጸው ነበር።

በሩን ከፍቶ የገባው ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ጃንጥላውን እንደ ከዘራ የተመረኮዘ ሰው ነው። «ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁን አወቅሁት። ከወንበሬ ተነሥቼ ወዲያው ወደ «እርስዎ» ዞርኩ። እሱ ግን እጄን ይዞ ሳቀ።

«ስምንት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖረህ አሁን ጠጉሬን አይተህ ልትሸሸኝ ነው?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን፤ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ «አንተ» ማለቴንም አልተውም። አጠገቤ ተቀመጠ።

አሠልጣኟ ስትገባ አሠልጣኝ መሆኗን ሁለታችንም አላወቅንም። ዕድሜዋ ከሃያ ሰባት አይበልጥም፤ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላለች፣ ጫማዋ የሶዶን ጭቃ ጠግቧል። ከአዲስ አበባ እንደመጣች ሰምተናል። ወደ ጋሼ ጎንበስ ብዬ በወላይትኛ፣ ይቺ ልጅ አራተኛ ክፍል ሳለች እኔ ሰርቨር እጠግን ነበር አልኩት። እሱም በዚያው ቋንቋ፣ ቆይ ምናልባት ዕቃ ይዛ የቀደመች ትሆናለች፣ መምህሩ ከኋላ ይመጣል አለኝ። እሷ ፕሮጀክተሩን እየሰካች በጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ ራሷን አስተዋወቀች፤ መምህሩ እሷ ነበረች።

ገና ስማችንን እንኳ ሳትጠይቅ ፈተና ሰጠችን። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት፣ ኢንተርኔት የለም። ጥያቄዎቹ የወረቀት አይደሉም፤ እያንዳንዳችን ፊት አንድ ማሽን አለ፣ እሱ ላይ መሥራት ነው። አንድ አገልግሎት አስነሱ፣ አዲስ ዲስክ አያይዙ፣ ለእገሌ ፈቃድ ስጡ፣ የመሳሰለው። እኔ የየዕለት ሥራዬ ነውና በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሼ ወደኋላ ተደገፍኩ። ጋሼም ትንሽ ቆይቶ ጨረሰ። ልጅቷ ሁላችንም ከማሽኖቹ እንድንነሣ ነገረችንና ግድግዳው ሥር አሰለፈችን። ከዚያ ከመጀመሪያው ማሽን ጀምራ አንድ በአንድ እያጠፋች እንደገና አስነሣቻቸው።

አንድ ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ ምን እንደሚሆን የማናውቅ አልነበርንም። አገልግሎቱን አስነሥቼዋለሁ፤ ግን ነገም ስትነሳ ይህን አስነሳ ብዬ ለማሽኑ አልነገርኩትም። ዲስኩን አያይዤዋለሁ፤ ማሽኑ ግን እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ረስቶታል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ሥራዬ የተረፈው ሲሶ አይሞላም ነበር።

ውጤቱን ጮክ ብላ አላነበበችም። በታጠፈ ወረቀት ለየራሳችን ሰጠችን። የእኔ ከመቶ ሃያ ስምንት ይላል። ጋሼ አንገቱን አስግጎ አየብኝና የራሱን ወረቀት አሳየኝ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ።

«እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ያውቃል» አለች አሠልጣኟ። «ለጀማሪ ማስተማር ቀላል ነው፤ ባዶ ነው። ለእናንተ ግን መጀመሪያ የለመዳችሁትን ማስጣል አለብኝ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የማይገኝ ሥራ አልተሠራም።»

የባለቤቴን ደብተር ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ ልማዳችንን አንድ በአንድ ታወጣው ጀመር። በየሰርቨሩ ውስጥ ዘበኛ የሚመስል ነገር አለ፤ እያንዳንዱን ፕሮግራም ወዴት ነው፣ ማን ፈቀደልህ እያለ የሚጠይቅ። ይህ ዘበኛ ጥብቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሥራ ያስተጓጉላል። በሥራ ቦታው ይህን ዘበኛ ያሰናበተ እጁን ያውጣ አለች። ማንም አላወጣም። በመጨረሻ ጋሼ ጃንጥላውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣ፤ እጁን ማንሳት አፍሮ ነው። ከዚያ ዘጠኛችንም አወጣን። እኔ የኮሌጁን ዘበኛ ያሰናበትኩት ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት ነው፤ ያን ዕለት ስለገላገለኝ እንደ ብልሃት እየቆጠርኩ ለጋሼም በስልክ ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ። ይህንን ለአሠልጣኟ አልነገርኳትም፤ ጋሼ ግን ነገራት።

ከሻይ እረፍት ስንመለስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን የሚያውቀው ሰው ለክረምት አገሩ ገብቷል። ዛሬስ አመለጥን ብለን ቦርሳችንን ስንሰበስብ፣ ልጅቷ ወንበሮቹን ወደ ጥግ አስጠግታ ዘጠኛችንንም በአንድ መስመር አቆመችን። አንድ ማሽን ከእንቅልፉ ሲነቃ በደረጃ ነው፤ አንዱ ክፍል ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፣ እሱም ቀጣዩን። እያንዳንዳችን አንድ ደረጃ እንድንሆን አደረገች። የመጀመሪያው ኃይል ነው፤ ሁለተኛውን ትከሻውን ይነካዋል። ሁለተኛው ዕቃው ሁሉ ቦታው ላይ መሆኑን ፈትሾ ሦስተኛውን ይነካል። ሦስተኛው ጋሼ ነበር፤ ሥራው የማሽኑን ዋና አንጎል ከዲስክ ላይ ፈልጎ ማስነሳት ነው። አራተኛው እኔ፤ አንጎሉ። ከእኔ በኋላ ያሉት ሥራ አስጀማሪዎችና በር ጠባቂዎች ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ፓስወርድ የሚጠይቅ ነው።

መስመሩን ሦስት ጊዜ ሄድንበት። ቀጥሎ አሠልጣኟ በጋሼና በእኔ መካከል ገብታ እጆቿን ዘረጋች። የዋናውን አስተዳዳሪ ፓስወርድ የረሳ ሰው መግቢያው ይህ ነው አለች፤ በር ጠባቂው ገና ሳይነቃ፣ እዚህ ጋ አስቁማችሁ ትዕዛዝ ሹክ ትላላችሁ። ጋሼ የያዘው ሚና ተስማምቶት ነበርና ትዕዛዙ በትክክል ካልተነገረው ትከሻዬን አልነካም ብሎ ቆመ። አንዱ ሠልጣኝ ቃል ሲሳሳትበት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ሌላው በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሲዘል ፊቱን ያዞራል። ሁላችንም ተራ በተራ ለመንነው። ሳቃችንን የሰማው የግቢው ጥበቃ መጥቶ በመስኮት አየን። ምን እንደመሰልነው አላውቅም፤ ጥያቄ ሳይጠይቅ ተመለሰ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይሞቃል። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ቦዬ የሚባለውን ድንች መሳይ ሥራሥር ቀቅለን በሚያቃጥል ዳጣ እየበላን ነው። አሠልጣኟም አጠገባችን ተቀምጣለች። ስልኳ ጮኸ። አነሣችና «አዬ» አለች። በወላይትኛ እናቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ ከእኔና ከጋሼ የበለጠ ንጹሕ በሆነ ወላይትኛ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽና ቅዳሜ ወደ ሃላሌ ስለመሄዷ አወራች።

ጋሼ ቦዬው በእጁ እንዳለ ቀረ። ተያየን። ሁለታችንም የሦስት ቀኑን ወሬ ከመጀመሪያ እየቆጠርን እንደነበር ፊታችን ይናገራል። አራተኛ ክፍል ያልኩትን አስታወስኩ። ስለ ጫማዋ ያልነውን። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ፣ ይህች ልጅ ባል ካላት እግዚአብሔር ያጽናው ያለውን።

ስልኩን ዘግታ ዳጣው እንዲቀርብላት በእጇ ምልክት ሰጠች።

«ጋሼ» አለችው በወላይትኛ፣ «ባል የለኝም። ሲኖር ግን ጸሎትዎን እነግረዋለሁ።»

ጋሼ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ብጀምርም አስቆመችኝ። ያላችሁት ባይከፋኝም ስለ ክፍል ውስጥ ጥያቄዎቼ የምትንሾካሾኩት መልስ ሁሉ ስሕተት ስለሆነ እሱን እያረምኩ ነበር የማስተምራችሁ አለች። እውነቷን ነው፤ አንዳንዴ ገና ጥያቄ ሳናነሣ ለምን ትመልስልናለች እያልን እንገረም ነበር። ሃላሌ ተወልዳ እዚያው አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ከዚያ ቀን በኋላ አስቸጋሪውን ነገር በሁለቱም ቋንቋ ታስረዳን ጀመር።

ጋሼ በየቀኑ ከአረካ በሚኒባስ ይመላለሳል። ትዕዛዞቹን በቃሉ የሚይዘው በመንገድ ላይ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ በቀጭን ድምፁ ፊደል በፊደል ይደግማቸዋል። ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ እየሳቀ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ግማሽ መንገድ ድረስ ሲያዳምጡት ከቆዩ በኋላ በአክብሮት፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው እንዲህ ያለው ልሳን የሚነገረው ብለው ጠየቁት። የመሥሪያ ቤት ፈተና መሆኑን ሲነግራቸው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው ጸለዩለት። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀንሶ አሜን አለ።

በዚያው ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የሬጅስትራራችን ኃላፊ ናቸው፤ ነገር የማያጋንኑ ሴት። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፣ ሰርቨሩ ግን አልነሣም አሉ። የክረምት ተማሪዎች ለምዝገባ ተሰልፈዋል። አሠልጣኟን አስፈቅጄ በምሳ ሰዓት ልሄድ ተስማማን። ጋሼ ሳልጠይቀው ጃንጥላውን አነሣ። በባጃጅ ሄድን።

ሰልፉ ከሬጅስትራር በር እስከ ግቢው በር ደርሷል። ዝናቡ ስለበረታ ተማሪዎቹ ፎልደሮቻቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተዋል። ሰርቨር ክፍሉ ገብቼ ስክሪኑን አየሁ። ማሽኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ፣ አንድ ዲስክ እየጠበቅሁ ነው ይላል። በቀድሞው ልማዴ ቢሆን መጀመሪያ ደጋግሜ አጠፋውና አበራው ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ገመድ እነቅላለሁ፤ ከዚያ ለጋሼ እደውላለሁ። አሁን ጋሼ ከኋላዬ ቆሟል። ማክሰኞ የተሰለፍንበት መስመር ታየኝ፤ በዚያ መስመር ከእኔ ከአንጎሉ ቀጥሎ ያለው ሥራ አስጀማሪ ነው አሁን የቆመው። ጥፋቱ ዲስኮቹ የተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ መሆን አለበት።

ፋይሉን ከፈትኩት። ማሽኑ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር ነው። ማክሰኞ ከሰዓት አሠልጣኟ፣ ዲስክን በተራ ቁጥሩ አትጥሩት፣ ተራው ሊለዋወጥ ይችላል፤ በማይለወጥ መታወቂያው ጥሩት ብላን ነበር። የእኔ ፋይል ውስጥ ሁለተኛው ዲስክ በተራ ቁጥሩ ተጠርቷል። መብራቱ ጠፍቶ ሲመጣ ዲስኮቹ ተራ ተቀያይረዋል፤ ማሽኑ የሌለ ዲስክ እየጠበቀ ነው። ከመስመሩ ጎን ደግሞ ራሴ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ። «ለጊዜው» ይላል። ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አነበበው። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ እንደ ማክሰኞው፣ ቀጥል እንደ ማለት።

መታወቂያውን ፈልጌ በቁጥሩ ምትክ አስገባሁ። ፊደል በፊደል ለጋሼ አነበብኩለት፣ እሱም ከስክሪኑ ጋር አስተያየ። አሠልጣኟ እንዳስተማረችን፣ ከመዝጋቴ በፊት ፋይሉን አስፈተሽኩት። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ተነሣ። እንደገና አጥፍቼ አስነሣሁት። የሬጅስትራር ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆመው፣ ሠርቶ ሳለ ለምን ታጠፋዋለህ ብለው ተቆጡ። እውነት ለመናገር ላስረዳቸው አፍሬ ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አይተን ወጣን። በባጃጁ ውስጥ ጋሼ ስለ ማስታወሻዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ክፍል እንደገባን ግን ለሁሉም ተረከላቸው፤ በዚያ ቀን አሠልጣኟ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ በማሽኑ ያለው ሰው እጁን እንዲያወጣ ስትጠይቅ ማንም አልዘገየም።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ ፈታኝ ደብተርና ስልካችንን ሰብስቦ አራርቆ አስቀመጠን። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰጠን። የመጀመሪያው ጥያቄ የፈራነው ነው፤ የማሽኑ ዋና ፓስወርድ አይታወቅም፣ ግቡና ቀይሩት። ይህን ያልቻለ ሌላውን ጥያቄ ማየት አይችልም። እኔ በደቂቃዎች ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል ጋሼ ማሽኑን አልነካም። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያደረገ ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ይቆማል። ፈታኙ ሁለት ጊዜ አልፎ አየው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ዐይኑን ገልጦ መጻፍ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ከራሴ ፈተና ይልቅ ስለ እሱ ነበር የተደሰትኩት።

እኔ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ጨረስኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር። ያኔ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ግን ጊዜ ነበረኝ፤ ጊዜ ያለው ልምድ ያለው ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። ያንኑ የዲስኮች ፋይል ከፍቼ አየሁት። አንዱ መስመር ከሌሎቹ ጋር እኩል አልተሰለፈም። ክፍት ቦታ አጥፍቼ አስተካከልኩት፤ አማረልኝ። ክፍት ቦታ ብቻ ስለሆነ እንደገና ማስነሳት አላስፈለገኝም። አስቀምጬ ወጣሁ።

ውጤቱ በኢሜይል የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። መጀመሪያ የደወለው ጋሼ ነበር። ቀጭን ድምፁ ይበልጥ ቀጥኗል፤ አልፏል፣ ያውም በከፍተኛ ነጥብ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እያጨበጨቡ እንደሆነ ይሰማኛል። እንኳን ደስ አለህ ብዬ የራሴን ከፈትኩ። ዜሮ ይላል። አለማለፌ ሳይሆን ዜሮ መሆኑ ገረመኝ።

ከሰዓት አሠልጣኟ ደወለች።

«ከጨረሱ በኋላ ምን ነኩ?» አለችኝ፤ በሌላ ምንም አልጀመረችም።

ክፍት ቦታዋ ትዝ አለችኝ። ከክፍት ቦታዋ ጋር አንድ ፊደል አብሬ ሳላጠፋ አልቀርም። ማሽኑን ሲያስነሡት አልተነሣም፤ ያልተነሣ ማሽን ደግሞ አይታረምም። የሆነውን ነገርኳት። እንደገና መፈተን እንደምችል ነገረችኝ። ደግሞም በወላይትኛ፣ በሚቀጥለው ሲጨርሱ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት አለችኝ።

ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ቤት ገባሁ። ስነግራት መጀመሪያ አዘነች። ክፍት ቦታዋን ስነግራት ግን የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ እንደዚህ ያሉ ልጆች አሉኝ አለች፤ ከሁሉም ቀድመው በትክክል ይጨርሱና ጽሑፉ አላማረም ብለው ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በላጲስ ይፍቃሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት። ወረቀቱን ቶሎ እቀበለዋለሁ አለችኝ።

ሁለተኛውን ፈተና የተፈተንኩት የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ካለፈ በኋላ ሐዋሳ ሄጄ ነው። የበዓሉ ሥጋ ገና ከሆዳችን አልጠፋም። ጋሼ ሥራ አለኝ ሳይል አብሮኝ መጣ፤ በሚኒባሱ ውስጥ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እደግማለሁ፣ እሱ እንደ ትዕዛዝ ተቀባይ ሆኖ ስሳሳት ፊቱን ያዞራል። ፈተናውን አርባ ደቂቃ ሲቀር ጨረስኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁ። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የዲስኮቹን ፋይል ለማየት እጄ ሲሄድ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው። ወጥቼ መሄድ እንደምችል እንኳ ረስቼ፣ ስክሪኑን እያየሁ እንደዚያው ቀረሁ። በመጨረሻ ፈታኟ መጥታ፣ አባቴ አሞዎታል እንዴ አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ጨርሻለሁ አልኳት። ታዲያ ለምን አይወጡም አለችኝ። ወጣሁ። ጋሼ በሩ ላይ ጃንጥላውን ተመርኩዞ ይጠብቀኝ ነበር።

አለፍኩ። ዲኑ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አነሡኝ፤ ስለ መጀመሪያው ዜሮ ራሴ ስነግራቸው ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሰርተፍኬቱን ባለቤቴ ከልጆቹ ሰርተፍኬቶች ጎን ሰቀለችው፤ ከአራተኛ ክፍሏ ልጃችን የአንደኝነት ወረቀት ትንሽ ዝቅ አድርጋ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ኮሌጁ ባዶ ሳለ፣ ከዓመታት በፊት ያሰናበትኩትን ዘበኛ ወደ ሥራው ልመልሰው ብዬ ሰርቨር ክፍል ገባሁ። ጋሼ በስልክ አለ፤ እሱም አረካ ላይ በዚያው ሰዓት የራሱን እየመለሰ ነው። ዘበኛውን እንዳነቃሁት ኮሌጁ ቀጥ አለ። ምዝገባው አልከፈትም አለ፣ ማተሚያው አልታዘዝም አለ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ጠፋ። ዘበኛው ማንንም አያውቅም። አንድ በአንድ አስተዋወቅሁት፤ ይህ የቤት ልጅ ነው፣ በዚህ ክፍል ይገባል፣ በዚያኛው ግን አይገባም። ጋሼም ከወዲያ በኩል የራሱን እያስተዋወቀ ነው፤ አንዱ ሲገባለት ይነግረኛል፣ ሲያቅተኝ እነግረዋለሁ። ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ሁለታችንም ማሽኖቻችንን አጥፍተን አስነሣን፤ ስልኩን እንደያዝን ቁጭ ብለን ጠበቅን። የእሱ ቀድሞ ተነሣ፣ የእኔ ተከተለ።

ሰኞ ማለዳ ከሬጅስትራር ኃላፊዋ ቀድሜ ቢሯቸው ደጃፍ ቆምኩ። መጥተው ከፈቱ፣ ኮምፒውተራቸውን አበሩ፣ የአንድ ተማሪ ፋይል አወጡ፣ አንድ ወረቀት አተሙ። ሲስተሙ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደህና ነው» አሉኝ። «ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም አልኳቸውና ቁርሴን ልበላ ወጣሁ።